ባለሁለት ነጥብ እግር፦ ወፍራሙ የፒክሰል ፊደል ለምን ተመለሰ? ለግዕዝ ሆሄያትስ ምን ይጠይቃል?

የላቲኑን «ኤ» በስምንት በስምንት ካሬ ውስጥ የሚሥሉት እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ረድፍ መሀል ላይ ሦስት ነጥብ ይበራል። በሁለተኛው ሁለት ነጥብ፣ አንድ ክፍት ቦታ፣ እንደገና ሁለት ነጥብ። በሦስተኛውና በአራተኛው ረድፍ ሁለቱ ጥንዶች ወደ ግራና ቀኝ ዳር ይሸሻሉ። አምስተኛው ረድፍ ሰባት ነጥብ የበራበት መቀነት ነው። ከሱ በታች ሁለት ረድፍ እግር ይቀራል። ፊደላቱ እንዳይነካኩ ስምንተኛው ረድፍና ስምንተኛው ዓምድ ባዶ ይተዋሉ። ከ64ቱ ካሬዎች የበሩት 30 ናቸው፤ ማሽኑም ይህን ሁሉ በስምንት ባይት ይይዘዋል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ናምኮ ያወጣውን ፓክማንን የተጫወተ ሁሉ ይህችን ፊደል ያውቃታል። ናምኮ ከአንድ ዓመት በፊት በጋላክሲያንም ተጠቅሞባታል። መልኩ የተወለደው ግን ቀደም ብሎ ነው፤ በ1976 የአታሪ ቅርንጫፍ የነበረው ኪ ጌምስ ባወጣው «ኩዊዝ ሾው» በተባለ የጥያቄና መልስ ማሽን ላይ። የፊደል ቅርጽ ባለሙያው ቶሺ ኦማጋሪ በ2019 ባሳተመውና የአርኬድ (በሳንቲም የሚሠራ የጨዋታ ማሽን) ጌሞችን ፊደላት በሚያጠናው መጽሐፉ ይህን ሥራ የላይል ሬንስ እንደሆነ ይመሰክራል። ሬንስ የምሕንድስና ሰው ነበር። የሠራው ፊደል ግን ከአታሪ ወደ ናምኮ፣ ከናምኮ ወደ ሌሎች የጃፓን ኩባንያዎች እየተሻገረ የአንድ ሙሉ ዘመን ፊት ሆነ።

ዛሬ ያ ወፍራም ፊደል ተመልሷል። በጥቂት ሰዎች በሚሠሩ ጌሞች፣ በሙዚቃ ሽፋኖች፣ በአፕሊኬሽኖች መክፈቻ ገጽ፣ በፖስተር ላይ ይታያል። አብዛኛው ተመልካች መመለሱን በናፍቆት ያስረዳዋል፤ የልጅነት ጨዋታቸውን ያልረሱ ሰዎች አድገው ዲዛይነር ሆኑ፣ የልጅነታቸውንም መልክ መልሰው አመጡ የሚል ነው ነገሩ። ይህ ከፊሉን ቢያስረዳ ነው። ፓክማን ሲወጣ ገና ያልተወለዱ ወጣቶች ይህን ፊደል የሚመርጡበትን ምክንያት ናፍቆት አይነግረንም። ፊደሉ የወፈረው ለማንበብ ተብሎ ነው፤ የቆየውም ያ መፍትሔ አሁንም ስለሚሠራ ነው። በፊደሉ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ ሰው ተቀምጦ «ትብራ ወይስ አትብራ» ብሎ የወሰነባት ናት። ይህ ነገር ለኛ ለግዕዝ ፊደል ተጠቃሚዎች ከሌላው ሁሉ በላይ ይመለከተናል ብዬ አምናለሁ፤ ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ውፍረቱ ከየት እንደመጣ ላስረዳ።

በዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ቱቦ ላይ ሥዕል የሚሣለው ከግራ ወደ ቀኝ በሚሮጥ የኤሌክትሮን ጨረር ነው። አግድም መስመር ለጨረሩ ቀላል ነው፤ አንዴ በርቶ መንገዱን ይጨርሳል። ስለዚህ አንድ ረድፍ ውፍረት ያለው አግድም መስመር ደምቆ ይታያል። ቁም መስመር ሲሆን ግን ጨረሩ በየረድፉ ለቅጽበት በርቶ ወዲያው መጥፋት አለበት። አንድ ነጥብ ብቻ ስፋት ያለው ቁም መስመር ሲመጣ ምልክቱ በቂ ብርሃን ሳያገኝ ያልፋል፤ መስመሩ ይደበዝዛል፣ በቀለም ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ ያልታሰበ ቀለም ይለብሳል። መድኃኒቱ ቁሙን በሁለት ነጥብ ማወፈር ነበር። ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒውተር ፊደላት ቁማቸው ሁለት ነጥብ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ወፍራም ቁም፣ ቀጭን አግድም፤ ይህን ጥምረት አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፣ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ምስክር ከጨዋታ ዓለም ውጭ ነው። በ1984 አፕል ማኪንቶሽን ሲያወጣ የማሽኑን ፊደላትና ምልክቶች የነደፈችው ሱዛን ኬር ነበረች። የምናሌው ፊደል ቺካጎ ይባላል፤ እሱም ቁሙ ሁለት ነጥብ ነው። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለነበር ግራጫ የሚባል ነገር የለውም። አንድ ትእዛዝ ለጊዜው እንደማይሠራ ለማሳየት የነበረው ዘዴ ከፊደሉ ነጥቦች አንዱን ትቶ አንዱን ማጥፋት ነው። ቀጭን ፊደል ግማሽ ነጥቡን ሲያጣ ይበታተናል። ቺካጎ ግን ግማሹን አጥቶም ይነበብ ነበር። ውፍረቱ እንዲህ ያለ መጠባበቂያ ነው። ያው ፊደል ከ17 ዓመት በኋላ በ2001 በወጣው የመጀመሪያው አይፖድ ትንሽ ስክሪን ላይ ተመልሶ የመጣው ለጌጥ አልነበረም፤ ትንሽና ጥራቱ ዝቅ ያለ ስክሪን ዳግም ስለገጠመ ነው። በዚያው የማኪንቶሽ ጅማሬ ዘመን ካሊፎርኒያ ውስጥ የፊደል ዲዛይነሯ ዙዛና ሊችኮ ባለነጥብ ፊደላትን ኤሚግሬ ለተባለው መጽሔት ኅትመት እየነደፈች፣ ነጥቡ ራሱ የዲዛይን ቋንቋ ሊሆን እንደሚችል በ1985 አሳይታለች።

ከ2010 በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። አይፎን 4 በአንድ ኢንች 326 ፒክሰል ይዞ ሲመጣ ነጥቡ ከዓይን ተሰወረ። ከዚያ ወዲህ ፒክሰል የሚታየው ዲዛይነሩ እንዲታይ ሲፈልግ ብቻ ነው። ዛሬ በነፃ የሚገኘውና ከሁሉም የታወቀው ፕሬስ ስታርት 2ፒ የተባለው ፎንት ከናምኮ የ1980ዎቹ ፊደላት የተቀዳ ነው፤ በውስጡ ያሉት ነጥቦች ግን በመስመር የተከበቡ የሒሳብ ካሬዎች ናቸው። ይህ ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ጥሩው፣ ፎንቱ እንደማንኛውም ፎንት በሁሉም ፕሮግራም ይሠራል። መጥፎው፣ ማንም ሰው በፈለገው መጠን ሊጽፍበት መቻሉ ነው። በስምንት ካሬ ላይ የተሠራ ፊደል በ8፣ በ16፣ በ24፣ በ32 ፒክሰል ቁመት ሲቀመጥ እያንዳንዱ ካሬ በሙሉ ፒክሰል ላይ ያርፋል። በ20 ቢቀመጥ አንዱ ነጥብ ሁለት ፒክሰል ተኩል ይሆናል፤ ኮምፒውተሩም ግማሿን በግራጫ ይጠግናል። የፊደሉ ጠርዝ ይጨማለቃል፣ አንዱ እግር ከሌላው ይወፍራል። በጌም መሥሪያ ፕሮግራሞች ውስጥም ጠርዝ የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ ሳያጠፉ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ወፍራም የፒክሰል ፊደል አስቀያሚ ነው ብለው የሚተዉት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ያዩት ፊደሉን ሳይሆን በተሳሳተ መጠን የተዘረጋ ቅሪቱን ነው።

የት መዋል እንዳለበትም መናገር ያስፈልጋል። በ2015 የወጣው አንደርቴል የተባለው ጌም ገጸ ባሕርያቱን በፊደል ቅርጽ ጭምር ያናግራል፤ ሳንስና ፓፒረስ የተባሉት ወንድማማቾች እያንዳንዳቸው ስማቸውን በወሰዱበት ፊደል የፒክሰል መልክ ይናገራሉ። ፊደሉ የድምፅ ቃና ሆኖ አገልግሏል። በ2018 የወጣው ሰለስት በበኩሉ ዓለሙን በሙሉ በፒክሰል ሥሎ ንግግሩን በለስላሳ ፊደል ጻፈ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የጨዋታ ውጤት፣ ርእስ፣ ምናሌ፣ አንድ መስመር ንግግር ለወፍራም የፒክሰል ፊደል የተመቹ ናቸው። አምስት መስመር አንቀጽ ግን ዓይን ያደክማል፤ ዓይናቸው የደከመ ተጫዋቾችን ደግሞ ጨርሶ ያርቃል። ይህን ፊደል የምንወድ ሰዎች ገደቡን መናገር አለብን።

አሁን ወደ ግዕዝ ፊደል።

ዛሬ አንድ ወጣት የአማርኛ ጌም ሊሠራ ተቀምጦ ያንን የታወቀ ፕሬስ ስታርት 2ፒ መርጦ «ጀምር» ብሎ ቢጽፍ ሁለት ነገር ሊገጥመው ይችላል። ወይ ባዶ ሳጥን ይመጣለታል፤ ፎንቱ ላቲን፣ ግሪክና ሲሪሊክ እንጂ የኛን ሆሄያት አልያዘምና። ወይም ሲስተሙ ከራሱ ለስላሳ የአማርኛ ፎንት አውጥቶ ይለጥፍለታል፤ ከነጥብ በተሠራ ዓለም መሀል የጋዜጣ ፊደል ብቅ ይላል። ፒክሰላዊ ግዕዝ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። በ1998 የተጀመረው ጂኤንዩ ዩኒፎንት የተባለው ፎንት የኛንም ሆሄያት በ16 በ16 ካሬ ሥሎ ይዟል። የተሣለው ግን በባለአንድ ነጥብ ቀጭን መስመር ነው፤ ዓላማው የዓለምን ፊደላት ሁሉ ማሳየት እንጂ ርእስ መሸከም አልነበረም። ፊደላችን የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ የአርኬድ ዘመን ያኔ አልፏል። ስለዚህ ሌሎች ያኔ በግድ የሠሩትን ሥራ እኛ ዛሬ በፈቃድ መሥራት አለብን።

ሥራው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው። በ1983 ጃፓን ውስጥ የወጣው የኒንቴንዶ ማሽን ለጀርባ ሥዕል በአንድ ጊዜ የሚይዘው 256 ባለስምንት ካሬ ሰድር ነበር። ግንቡም፣ ደመናውም፣ ዛፉም፣ ፊደሉም ከዚያ ውስጥ ነው የሚወጡት። ላቲን 26 ፊደልና 10 ቁጥር ይዞ ቀሪውን ለሥዕል ይተዋል። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ድምፅ ሲረቡ 231 ናቸው። የሚተርፈው 25 ሰድር ነው፤ ከሱ ላይ አሥር ቁጥር፣ ሥርዓተ ነጥብ፣ የቨ ቤተሰብና እንደ ቧና ሟ ያሉት ዲቃላዎች ሲነሱ ለአንድ ዛፍ የሚሆን ቦታ አይቀርም።

ጃፓኖችም ተመሳሳይ ጥበት ነበረባቸው። በ1986 የወጣው ድራገን ኩዌስት የተባለው ጌም ቦታ ለመቆጠብ ከካታካና ፊደላት ጥቂቶቹን ብቻ መርጦ ቃላቱን በነሱ ልክ ጻፈ። በብዙዎቹ የዚያ ማሽን ጌሞች ደግሞ ድምፅ የሚለውጡት ሁለቱ ጭረቶች ከፊደሉ ተነጥለው ከአናቱ ባለው ሰድር ላይ ይቀመጡ ነበር፤ አንድ ጭረት ለብዙ ፊደል ያገለግላል። ለኛ ይህ ዘዴ አይሆንም። የግዕዝ ቅጥያ ከፊደሉ አካል ጋር የተዋሐደ ነው። ራብዑ ባ ምንም ቅጥያ የለውም፤ የሚለወጠው የእግሩ ርዝመት ነው። ሳድሱ ደግሞ ሕግ አይይዝም፤ ብ፣ ል፣ ር፣ ን እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ሳድስ ይበዛበታል። ከፍሎ የመገጣጠሙን መንገድ በጽሕፈት መኪና ዘመን አይተነዋል። ከኢንጂነር አያና ብሩ ጀምሮ የጽሕፈት መኪናን ከፊደላችን ጋር ለማስማማት የደከሙ ሰዎች በቁልፍ ቁጥር ጥበት ተገድደው አካልና ቅጥያን በተለያየ ምት ማስመታት ነበረባቸው። ትልቅ ሥራ ነበር። ቅጥያው ከእግሩ ተለይቶ የቆመበትን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያየ ሰው ግን ዋጋውን ያውቃል። ዛሬ 231 ፊደል በ16 በ16 ካሬ ቢቀመጥ 7,392 ባይት ነው፤ ከአንድ የስልክ ፎቶግራፍ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። የቦታ ሰበብ አልቋል። የቀረው የሰው ድካም ነው።

ያ ድካም ምን እንደሆነ በሁለት ፊደል ላሳይ። በ በስምንት ካሬ ውስጥ በምቾት ይቀመጣል፦ ከላይ ሰባት ነጥብ ጣሪያ፣ ከሥሩ ሁለት ባለሁለት ነጥብ እግር። ነገር ግን ካዕቡ ቡ ከቀኝ ወገቡ ላይ ጭረት ይፈልጋል፤ ጭረቱ ወደ ስምንተኛው ዓምድ ገብቶ የሚቀጥለውን ፊደል ይነካል። ስለዚህ በ ራሱ መጥበብ አለበት፦ ሁለት ነጥብ እግር፣ አንድ ነጥብ ክፍተት፣ ሁለት ነጥብ እግር፤ አምስት። አሁን ለኃምሱ ለቤ ቀለበት ሁለት ዓምድ ተርፏል፤ አንዱ ለቀዳዳው፣ አንዱ ለግድግዳው። ሰባት። ልክ ሞላ። ባ ቀኝ እግሩን፣ ቦ ግራ እግሩን ያረዝማል፤ በሰባት ረድፍ ውስጥ የሁለት ረድፍ ልዩነት ይበቃቸዋል። የበ ቤት እየተጨናነቀም ቢሆን ይገባል።

ጠ ግን አይገባም። ሦስት ባለሁለት ነጥብ እግርና በመካከላቸው ሁለት ባለአንድ ነጥብ ክፍተት ስምንት ይሆናሉ፤ ለመለያ የሚሆን አንድ ዓምድ እንኳ አይቀርም። ጤ ቀለበቱን ሲጨምር አሥር ነው፣ ከጎኑ ባዶ ዓምድ ሲታከልበት አሥራ አንድ። እግሮቹን ወደ አንድ ነጥብ ብናቀጥናቸው ሦስት እግርና ሁለት ክፍተት አምስት ይሆናሉ፣ ከነቀለበታቸው ሰባት፤ ይገባሉ፣ ግን ውፍረቱ ሄደ። እንግዲህ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነው፦ ስምንቱን ካሬ ይዞ ቀጭን መሆን፣ ወይም ወፍራም ሆኖ ካሬውን ማስፋት። የላቲኑን ስምንት ካሬ እንደ ሕግ ተቀብለው የሚነሡ ሙከራዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። የላቲን ፊደል ሠሪዎች ስምንትን የመረጡት የራሳቸው ፊደል ስለገባበት ነው። የኛ ካሬ ከኛ ሰፊ ፊደል መለካት አለበት።

ቁመቱም የራሱ ጥያቄ አለው። ቸ፣ ኘ፣ ሸ ከአናታቸው ላይ ሰረዝ ይፈልጋሉ፤ ሰረዙ ከአካሉ እንዲለይ ሌላ ረድፍ ይበላል። ቧና ሟ ከእግራቸው በታች ይወርዳሉ። ሰባት ረድፍ አካል፣ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት፣ ከመስመር መለያ ጋር አሥራ ሁለት ረድፍ ይሞላል። አሥራ ሁለት ትንሽ ቁጥር አይደለም፤ በ1999 ለጃፓኑ ዶኮሞ ስልኮች የተሠሩት 176ቱ የሺገታካ ኩሪታ ኢሞጂዎች እያንዳንዳቸው በ12 በ12 ካሬ ውስጥ ነበሩ፣ ዛሬ በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ስፋቱ ግን ለሁሉም አንድ መሆን የለበትም ባይ ነኝ። ነና ጨ እኩል ስፋት ሲሰጣቸው ነ በባዶ ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ጨ ይታፈናል። ዛሬ ጌም የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች የተለያየ ስፋት ያለው የፒክሰል ፊደል በቀላሉ ይቀበላሉ።

አሁን በልብ ይያዝልኝ ወዳልኩት ነገር። የአርኬዱ ፊደል ቁሙ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ነው። የብራና መጻሕፍታችንን ቁም ጽሕፈት ያየ ሰው ይህንኑ ሚዛን ያውቀዋል። ጸሐፊው መቃውን አፉን ሰፋ አድርጎ ቀርጾ ሲጽፍ እግሩ ይወፍራል፣ ጣሪያውና ቅጥያው ይቀጥናል። አንዱ ከጨረር፣ ሌላው ከመቃ የመጣ ነው፤ ምንም ዝምድና የላቸውም። ቢሆንም ባለሁለት ነጥብ እግርና ባለአንድ ነጥብ ጣሪያ ለግዕዝ ሲሰጠው እንደ ባዕድ ልብስ አይሆንበትም። ላቲን ለዚህ ሚዛን ኤም እና ደብልዩ የተባሉ ፊደሎቹን ማጨናነቅ ነበረበት፤ የኛ ፊደል ግን አካሉ በእግር የቆመ ነው፣ ትርጉሙም የሚለየው በእግሩ ነው። ስለዚህ የፒክሰል ውፍረት መዋል ያለበት እግሩ ላይ ነው። ቀለበትና ጭረት በአንድ ነጥብ ይቅሩ። ሁሉንም እኩል ማወፈር ግን የቀለበቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል።

የቀዳዳው መደፈን የሚያስከትለውን ለማየት ጌም መክፈት አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ በሱቅና በፋርማሲ በር ላይ ፊደል የሚሮጥባቸው ቀይ የኤልኢዲ ሰሌዳዎች አሉ። ፒ10 በሚባለው የተለመደ ዓይነት አንዱ ሰሌዳ 32 ዓምድና 16 ረድፍ መብራት አለው፤ በየመብራቱ መካከል ያለው ርቀት 10 ሚሊ ሜትር ነው። የፒክሰል ፊደል በተግባር በየመንገዳችን ላይ ያለው እዚያ ነው። ለኅትመት የተሠራ ፎንት በዚያ ሰሌዳ ልክ ሲጠብብ ሶፍትዌሩ በየካሬው ውስጥ ያለውን ቀለም ይለካና ከግማሽ ከበለጠ ያበራል፣ ካነሰ ያጠፋል። በዚህ ስሌት የቤ ቀለበት ቀዳዳው ይደፈንና ቢ ይመስላል። «መድኃኒት ቤት» የሚለው «መድኃኒት ቢት» ሆኖ ይሮጣል። የብ ጭረት ትጠፋና በ ይሆናል። አላፊው በልምድ ያነበዋል፤ ፊደል ገና የሚቆጥር ልጅ ግን ያየውን ያነባል። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን ስሌት ሠርቷል። የጎደለው ቀዳዳዋ ክፍት ትቅር፣ ለሱ ሲባል እግሩ አንድ ነጥብ ይጥበብ ብሎ የሚወስን ሰው ነው። ለጌም ተብሎ በጥንቃቄ የተነደፈ ወፍራም የፒክሰል ግዕዝ ለነዚህ ሰሌዳዎች፣ ለአውቶቡስ መስመር ማሳያዎች፣ ለርካሽ ስልኮች ስክሪን በቀጥታ ይውላል። ጥያቄው ከጨዋታ የሚሻገረው በዚህ ነው።

ግዕዝ በዚህ ሥራ ውስጥ ያለድካም የሚያገኘው ነገርም አለ። ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ ከጥንት በነጥብ የተሠሩ ናቸው፤ በሁለት በሁለት ካሬ ሲቀመጡ ምንም አይጎድልባቸውም። ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ስለሌለ ላቲን ለትንንሾቹ ፊደላቱ የሚያወጣው ሁለተኛ ዙር ድካም የለብንም። 231 ከ52 ይበልጣል፤ ግን በቤተሰብ የተደራጀ ነው። የበን እግር የወሰነ ሰው የሸን፣ የከንና የዘን ውሳኔ በከፊል ጨርሷል።

ሥራውን የሚጀምር ወጣት ከሀ ተነሥቶ ወደ ፐ ቢሄድ መንገዱ ላይ ይሰናከላል። ሀ፣ ለ፣ በ ቀላል ስለሆኑ ጠባብ ካሬ ያስመርጡታል፣ ጨ ጋ ሲደርስ ሁሉንም ማፍረስ ይሆናል። ከጤ፣ ከጬ፣ ከሟና ከኟ ቢነሣ ስፋቱና ቁመቱ በመጀመሪያው ቀን ይታወቃሉ። ከዚያ «ቤት» እና «ቢት»፣ «ባል» እና «ቦል»፣ «ጠና» እና «ጤና» ጎን ለጎን ተጽፈው በትንሹ መጠን፣ ክንድ ዘርግቶ በተያዘ ስልክ ላይ፣ ከዚያም ከመንገድ ማዶ በኤልኢዲ ሰሌዳ ላይ ይሞከሩ። ጥንዶቹን ያላየ ሰው ጮኾ ያንብባቸው፤ የተሳሳተበት ጥንድ ይመለስና አንድ ነጥብ ይነሣለት ወይም ይጨመርለት። ፎንቱም እንደ ፕሬስ ስታርት 2ፒ በክፍት ፈቃድ ይውጣ፤ የነጥቦቹ ሥዕል ራሱ ከፋይሉ ጋር ተያይዞ፣ ሐዋሳ ያለ ጌም ሠሪ የጬ ቀዳዳ ጠብቦ ካገኘው ራሱ ከፍቶ እንዲያስተካክለው።